አንድ ገበታ፣ ሁለት ደም፦ ኮሌስትሮል ከዘር ነው ከምግብ?

የአራት_ኪሎ_ቅቤ · ከ9 ቀን በፊት

ሰላም ቤተሰብ። እኔና ታላቅ ወንድሜ የምንኖረው አንድ ቤት ነው። የምንበላውም እናታችን የምትሠራውን ነው። ጨጨብሳ ከሆነ ለሁለታችንም ጨጨብሳ፣ እሁድ ክትፎ ከሆነ ለሁለታችንም ክትፎ። እንዲያውም ለሐቁ ሣህኑ ላይ የቀረውን ቅቤ በእንጀራ የምጠርገው እኔ ነኝ። እሱ ሸንቃጣ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አይስትም። የእኔ ቦርጭ ግን በር ላይ ቀድሞኝ ይገባል።

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን በሙሉ አስመረመረ። የእሱ ኤል ዲ ኤል፣ ያ "መጥፎ" የሚባለው ኮሌስትሮል፣ 238 ሆኖ መጣ። "ማሽኑ ተሳስቶ ነው" ብሎ ሌላ ቦታ ደገመው። 231። እኔም ለጨዋታ አብሬው ተመረመርኩ። 104! ሐኪሙ ሁለቱን ወረቀት እያገላበጠ "ስማችሁ አልተቀያየረም?" አለን።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለም። እናቴ የቅቤውን ዕቃ ደብቃዋለች። እሱ ክትፎ በበላሁ ቁጥር እንደ ሌባ ያየኛል። ጥያቄዬ አጭር ነው። ነገሩ ምግብ ከሆነ እኔ እንዴት ዳንኩ? ዘር ከሆነ ደግሞ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች አይደለንም እንዴ?

---

ጾመኛዋ · ከ9 ቀን በፊት

ጭንቀት ነው። ታላቅ ልጅ የቤቱን ሸክም ተሸክሞ አንተ ቅቤ ትጠርጋለህ። ምን ይጠበቃል?

---

አባ_ጨቅጭቅ · ከ9 ቀን በፊት

ኮሌስትሮል የሚባለው የመድኃኒት ነጋዴ ወሬ ነው። አያቶቻችን ቅቤ ጠጥተው 90 ዓመት ኖረዋል።

---

ላብ_ኮት · ከ8 ቀን በፊት

@አባ_ጨቅጭቅ 90 የኖሩትን አያቶች ነው የምናስታውሰው። በ45 የሞቱትን ማን ቆጠራቸው?

@የአራት_ኪሎ_ቅቤ ጥያቄህን ዝንጀሮዎች መልሰውልሃል። ቀልድ አይደለም፣ ልንገርህ።

ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ትልቅ የዝንጀሮ መንደር አለ። ተቋሙ ዛሬ ቴክሳስ ባዮሜዲካል ምርምር ኢንስቲትዩት ይባላል፤ ድሮ ስሙ ሳውዝዌስት ፋውንዴሽን ነበር። የዝንጀሮዎቹ የዘር ሐረግ ተመዝግቦ ተይዟል። እናቱ ማን፣ አባቱ ማን፣ አያቱ ማን። ሽማግሌ ሳይጠራ ዘር ይቆጠራል ማለት ነው።

ሄንሪ ማክጊል የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ለዝንጀሮዎቹ አንድ ዓይነት ምግብ ሰጡ። መጀመሪያ ስቡ ያነሰ ተራ መኖ። ደም ተለካ። ቀጥሎ 40% ጉልበቱ ከስብ የሚመጣ፣ የአሳማ ጮማና ኮሌስትሮል የገባበት መኖ። ደም እንደገና ተለካ።

በተራው መኖ ጊዜ ብዙም አይራራቁም ነበር። ጮማው ሲመጣ ግን ተበታተኑ። የአንዳንዱ ኤል ዲ ኤል ሽቅብ ወጣ። አንዳንዱ ፈቀቅም አላለም። ከዚያ የወጣባቸውን ከወጣባቸው፣ ያልወጣባቸውን ካልወጣባቸው ጋር አዳቀሏቸው። ልጆቹ ወላጆቻቸውን መሰሉ።

እንግዲህ ልብ በል። ዘሩ ድሮም እዚያው ነበር፣ ግን ያጋለጠው ጮማው ነው። ሁሉም ተራ መኖ እየበሉ ቢያረጁ ኖሮ ማን ማን እንደሆነ መለየት ይከብድ ነበር። ስለዚህ "ዘር ነው ወይስ ምግብ?" ብሎ መጠየቅ እሳቱን ያስነሳው ክብሪቱ ነው ወይስ ጭዱ ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

---

የአራት_ኪሎ_ቅቤ · ከ8 ቀን በፊት

እሺ እኔ ፈቀቅ የማልለው ዝንጀሮ ነኝ ማለት ነው 😂 ግን ያ ሁሉ ጮማ የት ይገባል? የበላሁት እኮ በልቻለሁ።

---

ላብ_ኮት · ከ8 ቀን በፊት

ጥሩ ጥያቄ። ሰውነት ኮሌስትሮልን እንደ ስኳር አያቃጥለውም። ዋናው መውጫው በጉበት በኩል ነው፦ ወደ ሐሞት፣ ከሐሞት ወደ አንጀት፣ ከዚያ ወደ ሽንት ቤት። ችግሩ አንጀት ከወረደው ላይ ብዙውን መልሶ ይመጥጠዋል። ስለዚህ ሰውና ሰው፣ ዝንጀሮና ዝንጀሮ የሚለያየው እዚህ ነው። አንዱ ብዙ ይመጥጣል፣ አንዱ ትንሽ። የአንዱ ጉበት ቶሎ ወደ ሐሞት ይቀይራል፣ የሌላው ይዘገያል። ሳን አንቶኒዮ ባሉት፣ ኤል ዲ ኤላቸው ፈቀቅ ባላለው ዝንጀሮዎች ጉበት ውስጥ ጮማ ሲበዛ ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት አሲድ ለመቀየር የሚያግዘው 27-ሃይድሮክሲሌዝ የተባለ ኢንዛይም ጨምሮ ተገኝቷል። ሽቅብ በወጣባቸው ያን ያህል አይነቃም።

በሰው ደግሞ ይህን ስማ። በ1991 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ስለ አንድ የ88 ዓመት አዛውንት ጽፎ ነበር። ሰውዬው በቀን 25 እንቁላል ይበላሉ። አዎ፣ 25። ለብዙ ዓመት። ኮሌስትሮላቸው ግን ጤነኛ ነበር። ሲመረመሩ አንጀታቸው ከበሉት ኮሌስትሮል የሚመጥጠው 18% ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለንጽጽር የተለኩት ሌሎች ሰዎች ግማሽ ገደማ ይመጥጡ ነበር። ጉበታቸውም ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት አሲድ የሚቀይረው በእጥፍ ነበር።

---

አባ_ጨቅጭቅ · ከ8 ቀን በፊት

አያችሁ! 25 እንቁላል! ምን አልኩ?

---

ላብ_ኮት · ከ8 ቀን በፊት

ጋሼ፣ ሰውዬው መጽሔት ላይ የወጡት እኮ ብርቅ ስለሆኑ ነው።

---

ቴክሳስ_ያለሁት · ከ8 ቀን በፊት

እኔ ሳን አንቶኒዮ ነው የምኖረው። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ሐበሻ ጓደኞቼ "ዝንጀሮ የናፈቀው ሩቅ መሄድ የለበትም" እያሉ ይቀልዱ ነበር። ከዚያ ተቋም በላይ ግን የኛን ጉዳይ የምትነካው ዳላስ ናት። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ጉበት ላይ ያለውን የኤል ዲ ኤል ተቀባይ ያገኙት እዚያ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙበት።

ነገሩን በመርካቶ ቋንቋ ላስረዳ። ኤል ዲ ኤል ማለት ኮሌስትሮል የጫነ አይሱዙ ነው። ጉበት መጋዘን ነው። ተቀባዮቹ መጋዘኑ በር ላይ የቆሙ ወዛደሮች ናቸው። ወዛደሩ ሙሉ ከሆነ መኪናው ቶሎ ይራገፋል። ግማሹ ሥራ ካልገባ መኪናው መንገድ ላይ ይንከራተታል። አስፋልቱ ይዘጋል። አስፋልቱ የደም ሥርህ ነው።

አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ ከወዛደሮቹ ግማሹ የሉትም። ከአንዱ ወላጁ የተበላሸ ጂን ወርሷል። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ነው። የወንድምህ 238 ይህን ነው ያስጠረጠረኝ። ቀጭን ሰው፣ ጾመኛ፣ ግን 238። ይህን ቅቤ ብቻውን አያመጣውም።

"የአንድ እናትና አባት ልጆች" ላልከው ደግሞ፣ ጂኑ ከወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው ዘውድ ወይስ ጎፈር ተብሎ ነው። ለእሱ ወጣ፣ ለአንተ አልወጣ።

---

ጉሬዛ_ነኝ · ከ7 ቀን በፊት

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ስለ ተቀባዩ አንድ ልጨምር። ሪሰስ በሚባሉት የእስያ ጦጣዎችም እንዲህ ያለ ቤተሰብ ተገኝቷል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አካባቢ ነው የተጻፈው። ኮሌስትሮል የሌለው መኖ እየበሉ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ጦጣዎች ነበሩ። ጂናቸው ሲታይ ተቀባዩን የሚሠራው ትእዛዝ መሐል ላይ ተቆርጧል። ልክ እንደ ሰው። ክትፎ አላዩ፣ ጨጨብሳ አላዩ።

ግን ሁሉም ከጂን ነው እንዳትሉ ሌላ ታሪክ ይኸውላችሁ። ኬንያ፣ አምቦሴሊ፣ ኪሊማንጃሮ ሥር። የዱር ዝንጀሮዎች ለአሥርት ዓመታት ይጠናሉ። አንደኛው መንጋ የቱሪስት ሎጅ ቆሻሻ መጣያ አገኘ። በቃ! ሥር መቆፈር ቀረ፣ ሣር መልቀም ቀረ። ጠዋት ተነሥቶ የፈረንጅ ትራፊ ላይ መቀመጥ ሆነ። ደማቸው ሲለካ ከዱር ዘመዶቻቸው ይልቅ ኢንሱሊኑም ኮሌስትሮሉም ከፍ ብሎ ተገኘ። ዘራቸው አልተቀየረም። ሠፈራቸው ተቀየረ እንጂ።

የኛ ሰው ዲያስፖራ ሄዶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሚሆነውን አስቡት 😅

---

ቴክሳስ_ያለሁት · ከ7 ቀን በፊት

ተመታሁ 😂 ሱሪ ሦስት ቁጥር ጨምሬያለሁ።

---

ጾመኛዋ · ከ7 ቀን በፊት

ይቅርታ ግን፣ እኛ ከዝንጀሮ ጋር ምን አገናኘን? በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ሰው በጦጣ ደም ይለካል እንዴ?

---

ጉሬዛ_ነኝ · ከ7 ቀን በፊት

እህቴ፣ በእምነትሽ አልገባም። ጉበቱ ግን ይመሳሰላል። ከጥንቸል ይልቅ ማለቴ ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ኒኮላይ አኒችኮቭ ጥንቸሎችን ኮሌስትሮል በሱፍ ዘይት አሟሙቶ አበላቸው። የደም ሥራቸው በስብ ተደፈነ። ተቺዎቹ "ጥንቸል ሣር በል ናት፣ ለሰው ምስክር አትሆንም" አሉት። ልክ ናቸው በአንድ በኩል። ለዚያ ነው ሳይንቲስቶቹ በኋላ ወደ ጦጣና ዝንጀሮ የሄዱት።

ግን ጦጣም ሁሉ አንድ አይደለም። ዝንጀሮ አብዛኛውን ኮሌስትሮሉን የሚሸከመው በኤች ዲ ኤል ነው፣ በዚያ "ጥሩ" በምንለው። ሰው ደግሞ በኤል ዲ ኤል። የቺምፓንዚው ከሁሉም ይገርማል። በሰው እጅ ያደጉ ቺምፓንዚዎች ስቡ ያነሰ የአትክልት ምግብ እየበሉ እንኳ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ነው፤ ለሰው ቢሆን ሐኪም የሚያስጠራ። ነገር ግን እንደ ሰው የልብ ደም ሥራቸው ተደፍኖ መሞት ብርቅ ነው። ልባቸው ሲታመም በብዛት የሚታየው ሌላ ነው። ጡንቻው ውስጥ ጠባሳ ይሠራል፣ ይጠነክራል።

ኤፒኦኢ የሚባል ጂን አለ፣ ኮሌስትሮል ተሸካሚ ፕሮቲን የሚሠራ። በሰው ሦስት ዓይነት አለው፣ 2፣ 3 እና 4። 4ኛውን የያዘ ሰው ኤል ዲ ኤሉ በአማካይ ከፍ ይላል። የቺምፓንዚው ዋና ዋና ቦታዎቹ ላይ 4ኛውን ይመስላል፣ ግን ሌላ ቦታ ላይ አንዲት ፊደል ስለተለየች ጠባዩ ወደ 3ኛው ያደላል። አንዲት ፊደል ናት እንግዲህ!

---

ማር_በጤፍ · ከ7 ቀን በፊት

ጭላዳስ? ሰሜን ተራሮች ላይ ቀኑን ሙሉ ሣር ሲነጩ አይቻቸዋለሁ። መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ልክ እንደ አረም ነቃይ። የነሱ ኮሌስትሮል ስንት ይሆን?

---

ጉሬዛ_ነኝ · ከ7 ቀን በፊት

ቁጥር ይዤ አልመጣሁም። ግን ምግባቸው አብዛኛው ሣር ነው። ከጦጣ ወገን በሣር ላይ እንዲህ የሚኖር ሌላ የለም። ጎሪላም ቅጠል በል ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለውን አሰር ትልቁ አንጀቱ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉለታል፣ ከዚያ ጉልበት ያገኛል። አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ያለ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሁለት ወንድ ጎሪላዎች በፋብሪካ ብስኩት ይኖሩ ነበር። ልብ ታመሙ። ብስኩቱ ቀርቶ በጋሪ ሙሉ ሰላጣና ቅጠል ይቀርብላቸው ጀመር። ካሎሪው በእጥፍ ጨምሮ እያንዳንዳቸው በዓመት ውስጥ 30 ኪሎ ገደማ ቀነሱ።

በሰውም ተሞክሯል። ቶሮንቶ ላይ ዴቪድ ጀንኪንስና ባልደረቦቹ ፈቃደኛ ሰዎችን ለሁለት ሳምንት የጥንት ዝንጀሮ መሰል ቀለብ አበሏቸው፦ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ለውዝ። ኤል ዲ ኤላቸው በ33% ወረደ። በሁለት ሳምንት! ግን ተሳታፊዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲያላምጡ መዋላቸውን አትርሱ።

---

የአራት_ኪሎ_ቅቤ · ከ6 ቀን በፊት

ወንድሜ ይህን ክር ከጎኔ ተቀምጦ እያነበበ ነው። "ታዲያ እኔ ዓመቱን ሙሉ እጾማለሁ፣ ለምን አልወረደም?" ይላል።

---

ላብ_ኮት · ከ6 ቀን በፊት

ሰላም በልልኝ። ጾም ይሠራል። ቀርጤስ ደሴት ላይ የኦርቶዶክስ ጿሚዎችን ተከታትለው ነበር፣ በጾሙ መጨረሻ ኤል ዲ ኤላቸው ከማይጾሙት 16% ገደማ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የወንድምህም ያለ ጾም ከዚህ በላይ ይሆን ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ግን አንድ ነገር ጠይቀው። የጾሙ ወጥ በምን ዘይት ነው የሚሠራው? ያ ብርድ ሲነካው ጀሪካኑ ውስጥ የሚረጋው ከሆነ ፓልም ነው። ግማሽ ገደማ ቅባቱ ከቅቤ ጋር አንድ ጎራ ነው፣ የሚረጋው ዓይነት። ቅቤ አልበላሁም ብሎ ሽሮውን በፓልም ማጥለቅለቅ ጉበቱን አያታልልም። የኑግ ዘይት ግን ሌላ ነው፣ አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፣ ኤል ዲ ኤልን የሚያወርደው ጎራ።

---

ጾመኛዋ · ከ6 ቀን በፊት

ኑግ ስንት እንደገባ ታውቃለህ ልጄ?

---

ላብ_ኮት · ከ6 ቀን በፊት

አውቃለሁ እናቴ 😔 ስለዚህ ያለውንም ዘይት በማንኪያ መለካት ነው። ከጀሪካን ቀጥታ አለማንቆርቆር።

---

የጠዋት_ቡና · ከ6 ቀን በፊት

ቡናስ? አደራ ቡናን እንዳትነኩብን።

---

ላብ_ኮት · ከ6 ቀን በፊት

ልነካው ነው፣ ይቅርታ። ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለ። ኤል ዲ ኤል ይጨምራል። የወረቀት ማጥለያ ያስቀረዋል። ጀበና ግን ወረቀት የለውም፣ ተፈልቶ ነው የሚቀዳው። አንድ ሲኒ ማንንም አልገደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠዋትም ማታም ለሚጠጣ፣ 238 ላለው ሰው ግን ሊታሰብበት ይገባል።

---

የጠዋት_ቡና · ከ6 ቀን በፊት

ከዚህ ክር ወጥቻለሁ።

---

ጾመኛዋ · ከ6 ቀን በፊት

ጭንቀት ያልኩትን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

---

ጉሬዛ_ነኝ · ከ5 ቀን በፊት

ልክ ነሽ፣ ይገባሻል። ሰሜን ካሮላይና ላይ ጄይ ካፕላንና ባልደረቦቹ ክራብ በል የሚባሉ የእስያ ጦጣዎችን አጥንተዋል። በየጊዜው መንጋቸውን እየቀያየሩ ሰላም ሲነሷቸው፣ ቦታዬን አላስነካም የሚሉት አውራ ወንዶች የልብ ደም ሥር ይበልጥ ተደፈነ። ተመሳሳይ ምግብ እየበሉ። ስለዚህ ጭንቀት የደም ሥርን ይጎዳል። ግን 238ን ብቻውን አያመጣም።

---

ቴክሳስ_ያለሁት · ከ5 ቀን በፊት

@የአራት_ኪሎ_ቅቤ ወሬው በዛ፣ ወደ ወንድምህ እንመለስ። ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ከእናትህ ወይ ከአባትህ ወገን በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ? ሁለተኛ፣ ካልሲውን አስወልቀህ ከተረከዙ በላይ ያለውን ወፍራም ጅማት በሁለት ጣት ይዘህ ዳብስ። እብጠት ወይም ውፍረት ካለ ንገረን። በዘር የሚመጣው ኮሌስትሮል አንዳንዴ እዚያ ይጠራቀማል። ባይኖርም ነጻ ነው ማለት አይደለም።

---

የአራት_ኪሎ_ቅቤ · ከ4 ቀን በፊት

ጉድ ነው። ቁጭ ብላችሁ አንብቡ።

ትናንት ማታ ከእራት በኋላ ወንድሜን ካልሲ አስወለቅኩት። ሶፋው ላይ በደረቱ ተኝቶ እኔ እንደ ወጌሻ እዳብሳለሁ። የእሱ ጅማት የእኔን እጥፍ ያህላል። መሐሉ ላይ ባቄላ የምታክል ጠጣር ነገር አለች። ስትጫናት አታመውም። "ከኳስ ነው፣ ልጅ ሆኜ ጀምሮ አለ" አለ።

እናቴ ጀበናውን አስቀምጣ መጣችና "ይኼ ምን ያስገርማል?" አለች። ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። ሁለቱም ተረከዟ ላይ! የሷ እንዲያውም በዓይን ይታያል። "የመርካቶ ጫማ ያወጣብኝ ነው" ትላለች፣ 30 ዓመት ሙሉ።

ከዚያ ስለ አጎቴ ጠየቅኳት። ታናሽ ወንድሟ ነው። በ44 ዓመቱ ሠርግ ላይ ሲጨፍር ወድቆ ሞተ። እኔ አልደረስኩበትም። ቤተሰቡ "ዓይን በላው" ነው ሲል የኖረው። እናቴ ዝም አለች፣ ከዚያ "እሱም ተረከዙ እንዲህ ነበር፣ እንዲያውም ጫማ እምቢ ይለው ነበር" አለች።

---

ላብ_ኮት · ከ4 ቀን በፊት

ወንድሜ፣ ይህን ለእኛ ሳይሆን ለልብ ሐኪም ንገር። ልክ እንዲህ አድርገህ ጻፍለት፣ አጎትህን ከነዕድሜው፣ እናትህን ከነተረከዟ። እናትህም ትመርመር። ወንድምህ ልጆች ካሉት እነሱም፣ ትንንሽ ቢሆኑም። መድኃኒቱ አለ፣ ስታቲን ርካሽ ነው፣ እዚህም ይገኛል። ስታቲን ያሉትን ወዛደሮች ቁጥር ያበዛል።

ዘር ነው ብሎ ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። ወዛደሩ ግማሽ በሆነበት መጋዘን ላይ ተጨማሪ አይሱዙ መላክ ምን ማለት እንደሆነ ከአንተ ይልቅ እሱ ይገባዋል።

---

አባ_ጨቅጭቅ · ከ4 ቀን በፊት

እግዜር ይማራት እናትህን። እኔም የታናሽ ወንድሜን ነገር አሰብኩ። በ47 ነው የሞተው። ይህ ምርመራ ስንት ብር ነው?

---

ላብ_ኮት · ከ4 ቀን በፊት

ጋሼ፣ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ። አብረን እንሄዳለን።

---

የአራት_ኪሎ_ቅቤ · ዛሬ

ወሬ ላቀብላችሁ። የእናቴ 261። ወንድሜ ስታቲን ጀምሯል፣ በስድስት ሳምንት ይደገማል። የወንድሜ ሴት ልጅ 7 ዓመቷ ነው፣ ሰኞ ደም ትሰጣለች። እስካሁን መርፌ እንዳላት አልነገርናትም።

ቅቤው ከተደበቀበት ወጥቷል። ግን ዕቃው ላይ እናቴ የሻይ ማንኪያ አስራበታለች፣ በክር። ለእኔም ጭምር። "አንተ የዳንከው እስከ ዛሬ ነው" አለችኝ።